የምጣዴ ዋት ስንት ነው? ከቮልትና ከአምፔር ተነስቶ ሬዚስታንስንና ፓወርን ማስላት

ጥያቄውን የላኩልኝ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እህት ናቸው። የጻፉት ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ምጣዴ ሰፈር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ስንት ዋት እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለበትም። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥቶ ለካልኝ። ምጣዱ ሲጠፋ መስመሩ 219 ቮልት ነው አለ። ምጣዱ ሲሠራ ግን ቆጣሪው ጋ 216፣ ምጣዱ ውስጥ የሬዚስታንሱ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ላይ 210 ቮልት ሆነ፤ ከረንቱ ደግሞ 16 አምፔር። ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦ 2.5 የሚባለው ነው፤ ርቀቱ ወደ 20 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ተነስቼ ሬዚስታንሱንና ፓወሩን እንዴት ላስላ? ማታ ማታ መብራት ሲደክም ምጣዱ አልጋግር ይለኛል፤ መሰኪያውም ይግላል። የሬዚስታንሱን ሽቦ ቆርጠሽ አሳጥሪው፣ ይበረታልሻል የሚሉኝ አሉ። ላሳጥረው ወይ?»

አያሳጥሩት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ፤ ሰው መክሮዎት ነገ ተነስተው እንዳይቆርጡት ብዬ ነው ያስቀደምኩት። የለካልዎት ባለሙያ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ «ቤቴ 220 ቮልት ነው፤ ዕቃዬ ስንት ዋት ይሆናል?» የሚል ነው፤ በአንድ ቁጥር ብቻ ደግሞ ምንም ማስላት አይቻልም። እርስዎ አራት ቁጥር ይዘው መጥተዋል፤ 219፣ 216፣ 210 እና 16። በእነዚህ አራት ቁጥሮች ምጣዱን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ሽቦ፣ መሰኪያውንና ከቤትዎ ውጭ ያለውን መስመር ጭምር መመርመር ይቻላል።

ከምጣዱ እንጀምር። ሬዚስታንስ ማለት ዕቃው ጫፍና ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ በውስጡ ለሚያልፈው ከረንት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 210 ለ16 ሲካፈል 13.125፤ 13.1 ኦም ይበሉት፤ ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው። ፓወር ደግሞ ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ነው። 210 በ16 ሲባዛ 3,360 ዋት፣ ማለትም 3.36 ኪሎዋት። ጥያቄዎ ለዚህ ብቻ ቢሆን መልሱ እዚህ ላይ አለቀ፤ ለእንጀራ ምጣድም ደህና ቁጥር ነው።

ለምን እንደሚባዛ ማወቅ የሚፈልግ ካለ፦ አንድ አምፔር ማለት በየሰከንዱ አንድ ኩሎምብ የሚባል የኤሌክትሪክ መጠን በሽቦው ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። አንድ ቮልት ደግሞ እያንዳንዱ ኩሎምብ አንድ ጁል ኃይል ጥሎ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ በየሰከንዱ የሚራገፈውን ጁል ይሰጣል፤ እሱም ዋት ነው። ምጣድዎ ውስጥ በየሰከንዱ 3,360 ጁል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ከሁለቱ ስሌቶች ሌሎች ሁለት ይወለዳሉ፤ ሁለቱንም ከታች እጠቀምባቸዋለሁ። አንደኛው፣ ፓወር ማለት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው፤ 16 በ16 በ13.125፣ ያው 3,360። ሁለተኛው፣ ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ነው፤ 210 በ210 ሲባዛ 44,100፣ ለ13.125 ሲካፈል እንደገና 3,360። የመጀመሪያው ለሽቦና ለመጋጠሚያ ይመቻል፤ እዚያ የምናውቀው ከረንቱን ነውና። ሁለተኛው መብራት ሲደክምና ሲበረታ ምጣዱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ይመቻል።

የመብራት ቮልቴጅ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ይህ ስሌት አይሠራም የሚል ክርክር አንዳንዴ ይነሳል። ይሠራል። መለኪያው 220 ሲል የሚያሳየው ውጤታማውን ቮልቴጅ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ገደማ ይሆናል። ውጤታማ የተባለውም በማሞቂያ ላይ የሚሰጠው ሙቀት ከ220 ቮልት የባትሪ ኤሌክትሪክ ጋር እኩል ስለሆነ ነው። ለምጣድ፣ ለምድጃ፣ ለካውያና ለውኃ ማሞቂያ ስሌቱን እንዳለ ይጠቀሙበት።

አንድ ነገር ግን ጥብቅ ነው። ቮልቱና አምፔሩ በአንድ ጊዜ፣ ዕቃው እየሠራ፣ ቮልቱም ራሱ ዕቃው ላይ መለካት አለበት። ምጣዱ ጠፍቶ የተገኘውን 219 ወስደን ለ16 ብናካፍል 13.7 ኦም ይመጣል፤ ፓወሩም 3,504 ዋት ይሆናል። ሁለቱም ውሸት ናቸው። 219 ቮልት ምጣዱ ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ከረንቱ ሲነሳ ቮልቴጁ በመንገድ ይጎድላል። የዚህን ስሌት ሕግ ያገኘው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ሲሞን ኦም ራሱ የተቸገረው በዚሁ ነበር። በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ከረንት ሲሳብባቸው ቮልቴጃቸው እየወረደ ልኬቱን ያበላሹበት ነበር። ስለዚህ ባትሪውን ትቶ የቢስሙዝና የመዳብ መጋጠሚያን አንዱን ጫፍ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ በመያዝ የማይዋዥቅ ምንጭ አገኘ፤ ሕጉንም በ1827 በመጽሐፍ አሳተመ። እኛ የማይዋዥቅ መብራት ስለሌለን መፍትሔያችን ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ቅጽበት ማንበብ ነው።

ክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን በመንጋጋ ይዞ ከረንት የሚለካ መሣሪያ፣ ለሚይዙም አንድ ቃል። መንጋጋው የሚይዘው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። የምጣዱን ገመድ በሙሉ ቢያስገቡበት ዜሮ ያሳያል፤ በአንዱ የሚሄደውና በሌላው የሚመለሰው ከረንት ይጣፋሉና። «ምጣዱ ይሠራል፣ መለኪያው ግን ምንም አያነብም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ክላምፕ ሜትር የሌለው ሰው በቆጣሪው መለካት ይችላል። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራም እዚያው ተጽፏል። 1000 ወይም 1600 የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ያጥፉና ምጣዱን ብቻ አብርተው ለአንድ ደቂቃ ብልጭታውን ይቁጠሩ። የተገኘውን በ60 አባዝተው ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥር ያካፍሉ፤ ኪሎዋቱ ይወጣል። ቆጣሪዎ 1000 የሚል ከሆነ 58 ገደማ ይቆጥራሉ፤ 58 በ60 ሲባዛ 3,480፣ ለ1000 ሲካፈል 3.48 ኪሎዋት። ከ3.36 ለምን በለጠ? ቆጣሪው ያለበት ቦታ ላይ ቮልቴጁ 216 ነውና፤ 216 በ16 ሲባዛ 3,456 ዋት ነው (ከ3.48 ጋር ያለችው ትንሽ ልዩነት ብልጭታው በሙሉ ቁጥር ስለሚቆጠር ነው)። ከዚያ ውስጥ ምጣዱ ጋ የደረሰው 3,360 ነው። 96 ዋቱ ከቆጣሪው በኋላ፣ በራስዎ ሽቦና መጋጠሚያ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀርቷል፤ እርስዎ ግን ከፍለውበታል።

እነዚህን 96 ዋቶች ጠጋ ብለን እንያቸው፤ የመሰኪያዎ ግለት እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ምጣዱ ሲበራ በጠቅላላ የወደቀው ከ219 ወደ 210 ነው፤ 9 ቮልት። 3ቱ የወደቁት ከቆጣሪው በፊት፣ በትራንስፎርመሩና በመንገዱ መስመር ላይ ነው፤ ከ219 ወደ 216። ቀሪው 6 ቮልት የወደቀው ቤት ውስጥ ነው። 6 ለ16 ሲካፈል 0.375 ኦም፤ ይህ ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ሬዚስታንስ ነው። 6 በ16 ሲባዛ ደግሞ ያ 96 ዋት።

ሽቦው ብቻውን ስንት ይወስዳል? አንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 0.0172 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ አለው። የእርስዎ 20 ሜትር መሄጃና መመለሻ ስላለው 40 ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 2.5። 0.0172 በ40 ተባዝቶ ለ2.5 ሲካፈል 0.275 ኦም። በ16 አምፔር 4.4 ቮልት፤ ሽቦው ሞቅ ሲል ትንሽ ስለሚጨምር 4.5 እንበል። የለካነው ግን 6 ነው። 1.5 ቮልት ያህል የት ገባ? በሽቦው ርዝመት ሳይሆን በመጋጠሚያዎች ላይ ነው የወደቀው፤ ብሬከሩ ላይ፣ ጁንክሽን ቦክሱ ውስጥ፣ ሶኬቱና መሰኪያው የሚነካኩበት ቦታ። መሰኪያው ይግላል ስላሉኝ አብዛኛው እዚያ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። 1.5 በ16 ሲባዛ 24 ዋት። ሬዚስታንሱ ከአንድ ኦም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ተራ መልቲሜትር አይቶ አያውቀውም። ሆኖም 24 ዋት ራዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት የትንሿ ሶልደሪንግ አይረን ጉልበት ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ጥፍር በምታክል የነሐስ ቁራጭ ላይ ሰዓታት ሙሉ ተቀምጧል። መሰኪያው ሲግል ነሐሱ ይጠቁራል፣ የሶኬቱ መንጋጋ ይላላል፤ ሲላላ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይግላል። የቀለጠ ሶኬት ሁሉ ታሪኩ ይህ ነው። ምጣዱን ሳይሆን በመጀመሪያ ይህን ነው መጠገን ያለብዎት።

የሶኬቱ ልክ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ክብ መሰኪያዎች የመጨረሻ ልካቸው 16 አምፔር ነው። ምጣድዎ በ210 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ መብራቱ ጠንክሮ 220 ሲደርስ ምጣዱ ጋ፣ 220 ለ13.125 ሲካፈል 16.8 አምፔር ይሆናል። ልኩ ላይ የተቀመጠ ዕቃ በየቀኑ ለሰዓታት ሲሠራ አይበረክትም። ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

አሁን ወደ ማታው እንምጣ፤ ለሥራዎ ትልቁ ነገር ይህ ነው። «ቮልቴጅ ሲቀንስ ምጣዱ በአምፔር ያካክሳል» የሚል ወሬ በስፋት ይወራል። አያካክስም። የምጣዱ ሬዚስታንስ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱም አብሮት ይወርዳል፤ ፓወሩ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይመታል። ማታ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው 180 ቮልት ነው እንበል። ከረንቱ 180 ለ13.125፣ 13.7 አምፔር። ፓወሩ 180 በ180 ለ13.125፣ 2,469 ዋት። ቮልቴጁ የቀነሰው በአንድ ሰባተኛ ነው፤ ፓወሩ የቀነሰው ግን ከሩብ በላይ ነው።

ችግሩ በዚህም አያበቃም። የጋለ ምጣድ እንጀራ ቢጋገርበትም ባይጋገርበትም ሙቀት ወደ አየርና ወደ ታች ይጥላል። ይህ ብክነት 1,000 ዋት ያህል ነው ብለን እንውሰድ፤ ቁጥሩ ከምጣድ ምጣድ ይለያያል፣ ነገሩን ለማሳየት ያህል ነው። ቀን ከ3,360 ዋት ላይ 1,000 ሲነሳ ለሊጡ የሚደርሰው 2,360 ነው። ማታ ከ2,469 ላይ ያው 1,000 ይነሳል፤ የሚቀረው 1,469 ነው። ብክነቱ ማታ አይቀንስም፤ ምጣዱ እንጀራ እንዲያወጣ ቀን የሚግለውን ያህል መጋል አለበትና። እንግዲህ ቀን በሰዓት 20 እንጀራ የሚያወጣ ምጣድ ማታ ከ12 ብዙም አያልፍም። ቸኩለው ምጣዱ ሳይመለስ ሊጡን ሲያፈሱበት ደግሞ ዓይኑ ሳይወጣ የሚቀረውና ከምጣዱ የሚጣበቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሊጡ ላይ፣ አብሲቱ ላይ የሚፈረድበትም ስንት ጊዜ ነው! ቮልቴጁን ሳይለኩ ሊጡን አይውቀሱ።

ለሚሸጥ እንጀራ ይህ የሒሳብ ጉዳይም ነው። ቀን 3.36 ኪሎዋት ለ20 እንጀራ ሲካፈል ለአንዱ 0.17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይደርሰዋል። ማታ 2.47 ለ12 ሲካፈል 0.21። ቆጣሪው ማታ ቀስ ብሎ ይቆጥራል፣ አንዱ እንጀራ ግን ይበልጥ ይበላል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ የሚጨምር ስለሆነ በወር ሲደመር ይታወቃል። ስለዚህ መብራቱ ጠንካራ የሚሆንበትን ሰዓት፣ ብዙ ሰፈር ላይ ሌሊቱንና ማለዳውን፣ ለጋገራ ቢያውሉት ድካምም ገንዘብም ይተርፋል። ደካማ በሆነ ሰዓት መጋገር ግድ ከሆነ በየመሐሉ አክምባሎውን ደፍተው ትንሽ ይታገሡት።

ወደ መቁረጡ ልመለስ። የሬዚስታንሱን ሽቦ አንድ አሥረኛውን ቢቆርጡት ሬዚስታንሱ ከ13.1 ወደ 11.8 ኦም ይወርዳል። በ210 ቮልት ከረንቱ 17.8 አምፔር፣ ፓወሩ 3,730 ዋት ገደማ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይበረታል፤ የሚመክሩዎት ሰዎች ይህን አይተው ነው። ያላዩት ሌላውን ነው። ፓወሩ በ11 በመቶ ሲጨምር የሚሸከመው ሽቦ ደግሞ በ10 በመቶ አጥሯል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ሽቦ የሚሸከመው ሙቀት በ23 በመቶ ይጨምራል። ሽቦው ኒክሮም ነው፤ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ። ሲግል ላዩ ላይ የሚሠራው የክሮም ኦክሳይድ ቆዳ ከአየር እየጠበቀው ይኖራል። ከልኩ በላይ ሲግል ያ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ሽቦው ይሳሳል፣ የሳሳው ቦታ ሬዚስታንሱ ጨምሮ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፤ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ከተበጠሰ በኋላ ጠምዝዘው ሲቀጥሉት እንደገና ያጥራል። በየጥገናው እያጠረ፣ በየጥገናው ዕድሜው እየቀነሰ የሚሄድ ምጣድ ብዙ አይቻለሁ፤ ሽቦውን በሙሉ በአንዴ መቀየር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን 17.8 አምፔሩ የሚያልፈው አሁን በ16 አምፔር በሚግለው መሰኪያ ውስጥ ነው። መጋጠሚያ ላይ ያለው ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ስለሚያድግ 24 ዋቱ ወደ 30 ይጠጋል።

አዲስ ሽቦ ሲያስገቡ «ኦሙ አንድ ነው» ተብሎ ቀጭን ሽቦ እንዳይሰጥዎ ይጠንቀቁ። ባለ አንድ ሚሊሜትር ኒክሮም በአንድ ሜትር 1.4 ኦም ገደማ አለው፤ ለ13.1 ኦም 9.4 ሜትር ያስፈልጋል። ባለ 0.8 ሚሊሜትሩ በሜትር 2.2 ኦም ስለሆነ 6 ሜትር ብቻ ይበቃዋል፤ ርካሽ ይመስላል። ኦሙም ዋቱም እኩል ይሆናል። የቀጭኑ ሽቦ ገላ ግን የወፍራሙን ግማሽ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ እጥፍ ሙቀት ይሸከማል፤ ቶሎ ይበጠሳል። አሮጌውን ሽቦ ይዘው ሄደው ውፍረቱን በካሊፐር ያስተያዩ።

ሬዚስታንሱን በቀጥታ በመልቲሜትር መለካትም ይቻላል፤ ምጣዱ ከመሰኪያው ተነቅሎና በርዶ። ኤሌክትሪክ ባለበት ዕቃ ላይ ኦም መለካት መለኪያውንም ሰውንም ይጎዳል። በቅድሚያ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች አነካክተው የሚያሳየውን፣ ብዙ ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም፣ ከውጤቱ ላይ ይቀንሱ። ኒክሮም ሲግል ሬዚስታንሱ በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሚጨምር ቀዝቃዛው ምጣድ 12.5 ወይም 12.7 ቢል ከስሌታችን ጋር ይስማማል። ይህ ግን ለሁሉ ዕቃ አይሠራም። የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል በርቶ ሲሰላ፣ 220 በ220 ለ100፣ 484 ኦም ነው፤ በርዶ በመልቲሜትር ሲለካ ግን ወደ 40 ኦም ይጠጋል። የቱንግስተን ክሩ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲግል ሬዚስታንሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። አምፖል ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ገና ሲበራ የሆነውም ለዚህ ነው።

«በአምፔር ያካክሳል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ ለሚሉ፦ ፍሪጅና የውኃ ፓምፕ ላይ እውነትነት አለው። ሞተር የተጫነበትን ለመግፋት ስለሚታገል ቮልቴጅ ሲወርድበት ከረንቱን ይጨምራል፤ በደካማ መብራት የሚቃጠለውም በዚህ ነው። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተርም ውስጣቸው ባለው ፓወር ሰፕላይ ምክንያት እንዲሁ ያደርጋሉ። እነዚህ ላይ ቮልት በአምፔር ሲባዛ የሚገኘው ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አይደለም። 220 ቮልት ላይ 1.2 አምፔር የሚስብ ፍሪጅ 264 ቮልት አምፔር ነው፤ ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከቮልት አምፔሩ ውስጥ እውነተኛ ዋት የሚሆነው ድርሻ፣ 0.7 ቢሆን እውነተኛ ፓወሩ 185 ዋት ብቻ ነው። ቮልት ለአምፔር ሲካፈል የሚገኘውም የሽቦውን ሬዚስታንስ አይነግርም።

ስታቢላይዘር ልግዛ ብለው ማሰብዎ አይቀርም። ለምጣድ አልመክርም። ስታቢላይዘሩ ማታ 180 ተቀብሎ 220 ሲያወጣ ምጣዱ 3,690 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህ ኃይል ከመስመሩ በ180 ቮልት ሲሳብ ከ20 አምፔር በላይ ነው፤ የስታቢላይዘሩ የራሱ ብክነት ሳይቆጠር። ያ ከረንት በቤትዎ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጁን ይበልጥ ይጥላል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። በዚያ ላይ አምስት ኪሎ ቮልት አምፔር የሚችል ዕቃ ዋጋው ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ለምጣዱ ከማከፋፈያው የራሱ መስመር ይዘርጋለት፤ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከር። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ከሽቦው አቅም በላይ የሆነ ብሬከር አይግባበት፤ «ይወርድብኛል» ብሎ በ32 መቀየር ሽቦውን ለእሳት መተው ነው። ምጣዱ በመሰኪያ ሳይሆን 32 አምፔር በሚችል ማብሪያ ማጥፊያ በኩል በቀጥታ ይታሰር። የምጣዱ ብረት አካል ከኧርዝ ጋር መያያዙን ባለሙያው በመለኪያ ያረጋግጥልዎ፤ በእርጥብ እጅ፣ በፈሰሰ ሊጥ መሐል የሚሠራ ዕቃ ያለ ኧርዝ መሥራት የለበትም። በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ ካለ ተፈትቶ በደንብ በሚጠብቅ መጋጠሚያ ይተካ።

ከዚህ ሁሉ ምን ያህል ጉልበት ያገኛሉ? ወፍራሙ ሽቦና የጠበቀው መጋጠሚያ አንድ ላይ ሦስት ቮልት ገደማ ይመልሱልዎታል፤ ወደ 100 ዋት ነው። የማታውን ድክመት አይፈውሰውም፤ ቤቱን ከእሳት ግን ይጠብቃል። ማታው ከየት እንደሆነ ለማወቅ በዚያው ሰዓት ሁሉንም ዕቃ አጥፍተው ቆጣሪው ጋ ቮልቴጁን ያስለኩ። ምንም ሳይበራ 185 ወይም 190 ከሆነ ችግሩ የቤትዎ አይደለም፤ ሰዓቱንና ቁጥሩን ለጥቂት ቀናት መዝግበው ለመብራት ኃይል አገልግሎት መስጫ ያመልክቱ። «መብራቱ ደካማ ነው» ከሚል ቃል ይልቅ «ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ቆጣሪ ላይ፣ ያለ ጭነት 185 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ባለሙያው ትራንስፎርመሩ ላይ ጭነቱ በሦስቱ ፌዞች እንዴት እንደተከፋፈለ እንዲፈትሽ ያደርገዋል። ወደፊት ምጣድዎ ሁለትና ሦስት ከሆነ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ጠይቀው እያንዳንዱን ምጣድ በየፌዙ መክፈል ነው።

አዲሱ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ ባለሙያዎ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ የሶኬቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ያጥብቅ፤ የጠቆረውን ሶኬትና መሰኪያ ይቀይር፤ ከዚያ ምጣዱ እየሠራ እንደገና ይለካ። ቆጣሪው ጋ 216 ሆኖ ምጣዱ ላይ 211 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ካለ የጠፋው ቮልት የነበረው እዚያው ነው። አሁንም 210 ካለ ግን ሶኬቱን ትቶ ጁንክሽን ቦክሱንና ብሬከሩን ይክፈት፤ ምጣዱ እየሠራ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ጫፍና ጫፍ ላይ ቮልት ሲለካ ከአንድ ቮልት በላይ የሚያሳየው እሱ ነው።